ፓኬጅ፣ ፊቸርና ገደብ፦ ዌብ አፕ ላይ ደንበኛ ሳይቀየም እንዴት ይያዛል

ባህር ዳር ቁጭ ብዬ ለእህል ነጋዴዎች የመጋዘን ሂሳብ የሚይዝ ዌብ አፕ ነው የምሠራው፣ ደንበኞቼ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ ያሉ ናቸው፣ በቆሎ ጤፍ ስንዴ ምናምን ገቢ ወጪ የሚመዘግቡ። በወር የሚከፈል 3 ፓኬጅ አለኝ፣ መነሻ፣ ነጋዴ፣ ዩኒየን ብያቸዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ እህሉ አይደለም፣ ፓኬጆቹን ኮድ ላይ እንዴት እንዳስቀመጥኳቸው ነው፣ መጀመሪያ ያስቀመጥኩበት መንገድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ በኋላ ያስተካከልኩት ደግሞ ዌብ አፓችሁን በላራቬልም ጻፋችሁት በጃንጎም በኖድም ይሠራላችኋል።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ቡሬ ያሉ አንድ ደንበኛ ደወሉ።

"ስማ እንጂ ልጄ፣ ይሄ ያንተ ነገር ሁለት መጋዘን ብቻ ነው የተፈቀደልህ ይለኛል፣ እኔ ደሞ ሦስተኛ ተከራይቻለሁ። አንዷን ጨምርልኝና ሂሳቧን ንገረኝ።"

"እሽ ጋሼ፣ አሁኑኑ አስተካክልልዎታለሁ።"

አሁኑኑ ያልኩት ነገር 2 ቀን ፈጀ። ኮዴ ውስጥ "ፓኬጁ ነጋዴ ከሆነ 2 መጋዘን" የሚል መስመር አለ፣ ሪፖርት ገጹ ላይ ደግሞ "ፓኬጁ ነጋዴ ወይም ዩኒየን ከሆነ ኤክሴል አውርድ የሚለውን በተን አሳይ" ይላል፣ ኤስኤምኤስ የሚላክበት ጋ ሌላ፣ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው 41 ቦታ የፓኬጅ ስም ተጽፏል። ለጋሼ ዩኒየንን ብሰጣቸው ያልከፈሉበትን ሁሉ ያገኛሉ፣ ካልሰጠኋቸው ሦስተኛዋ መጋዘን የለችም። ምን አደረግኩ፣ "የድርጅቱ ቁጥር 17 ከሆነ 3" ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ። አዎ ሳቁ። በ2 ወር ውስጥ እንደዚ ዓይነት መስመር 6 ደርሶ ነበር።

ስለዚ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ኮዳችሁ የፓኬጅ ስም አይወቅ። ኮዱ የሚጠይቀው "ይሄ ድርጅት ይሄን ማድረግ ይችላል ወይ፣ ስንትስ ቀርቶታል" ብቻ ይሁን። ነጋዴ፣ ዩኒየን የሚለው ስም ለመሸጫ ገጹና ለደረሰኙ ነው የተፈጠረው።

1. መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ዝጉና ወረቀት አውጡ

የምትሸጡትን ነገር ሁሉ መስመር በመስመር ጻፉት፣ ከዛ እያንዳንዱ ከ3 ዓይነት የትኛው እንደሆነ አጠገቡ ምልክት አድርጉ። እኔ ለራሴ በር፣ ጎተራ፣ ስንቅ ነው የምላቸው።

በር ክፍት ወይ ዝግ ነው፣ ቁጥር የለውም። ሪፖርት ወደ ኤክሴል ማውረድ ለምሳሌ፣ ወይ አለህ ወይ የለህም።

ጎተራ ልክ ያለው ነገር ነው። ስንት መጋዘን፣ ስንት ዩዘር፣ ስንት ጂቢ የፋይል ቦታ። ወር ሲገባ አይታደስም፣ ግን አንዱን ስታወጣ ቦታ ይለቃል፣ ከጎተራ 5 ኩንታል ስታወጣ 5 ኩንታል መክተቻ እንደምታገኘው።

ስንቅ ግን የሚበላ ነው። በወር 300 ኤስኤምኤስ ሰጣችሁት፣ የላከው ተልኳል፣ መልእክቱን አፑ ላይ ቢሰርዘው እንኳን ቁጥሩ አይመለስለትም፣ ወሩ ሲዞር ነው አዲስ የሚሰፈርለት። የቴሌ ኢንተርኔት ፓኬጅ ማለት ነው በቃ፣ ይሄን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ይሄን ክፍፍል ያጠበቅኩት ጎተራን እንደ ስንቅ የቆጠረ ሰው ስለማውቅ ነው፣ እኔ ነኝ። ሠራተኛ ሲመዘገብ ቆጣሪው 1 ይጨምራል፣ ሠራተኛው ሲሰረዝ ግን መቀነሱን ረስቼዋለሁ። ደምበጫ ያለ ደንበኛ 5 ዩዘር ነው የተፈቀደለት፣ በ4 ወር ውስጥ 5 ሚዛን ያዥ ቀያየረ፣ ስድስተኛው ልጅ አልመዘገብ አለው፣ ገጹ ላይ የሚታየው ግን ባለቤቱ ብቻውን ነው። ከዛ ወዲህ ጎተራን በቆጣሪ አልይዝም፣ በተጠየቀ ቁጥር ዳታቤዙ ላይ ያሉትን በቀጥታ እቆጥራለሁ፣ 10 እና 20 መጋዘን መቁጠር ለፖስትግሬስ (የምጠቀምበት ዳታቤዝ ነው) ምኑም አይደለም። ቆጣሪ የሚያስፈልገው ስንቅ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ላይ እያላችሁ አንድ ነገር ደግሞ ወስኑ፣ ገደቡ የማን ነው? የዩዘሩ ነው ወይስ የድርጅቱ? እኛ ጋ አንድ ነጋዴ ማለት እሱ፣ ልጁ፣ ሂሳብ ያዧ እና ሚዛን ያዡ ነው። ገደቡን ዩዘሩ ላይ ካሰራችሁት 4ቱም የየራሳቸው 300 ኤስኤምኤስ አላቸው ማለት ነው፣ ከዛ ቁጭ ብላችሁ ማልቀስ ነው። ድርጅቱ ላይ እሰሩት።

2. ቴብሎቹ

ዳታቤዙ ውስጥ መረጃው የሚቀመጥባቸው ሠንጠረዦች ማለቴ ነው፣ ብዙ አይደሉም። የፓኬጅ ቴብል አለ፣ ስምና ዋጋ ብቻ። የፊቸር ቴብል አለ፣ ፊቸር ማለት ወረቀቱ ላይ የጻፋችሁት እያንዳንዱ የምትሸጡት ነገር ነው፣ እያንዳንዱ የማይለወጥ መለያና ዓይነቱ፣ በር ነው ጎተራ ነው ስንቅ ነው። መሀል ላይ ሁለቱን የሚያገናኝ ቴብል፣ እዚህ ፓኬጅ ላይ ይሄ ፊቸር ስንት ነው የሚለው ቁጥር ያለበት። ከዛ የሰብስክሪፕሽን ቴብል፣ የትኛው ድርጅት፣ የትኛው ፓኬጅ፣ ከመቼ እስከ መቼ። የስንቅ መቁጠሪያ ቴብል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እኔ "ልዩ ፈቃድ" የምለው ቴብል፣ ለአንድ ድርጅት ብቻ የተሰጠ ቁጥር፣ የተሰጠበት ምክንያት፣ የሰጠው ሰውና የሚያበቃበት ቀን ያለበት። የቡሬው ጋሼ ሦስተኛ መጋዘን የምትገባው እዚህ ነው። ከኮድ ውጪ፣ አድሚን ገጽ ላይ፣ 1 ደቂቃ።

የሚያበቃበት ቀን የሚለውን እንዳትዘሉት። "ለጊዜው ክፈትለት" ተብሎ የተከፈተ ነገር ማንም አይዘጋውም።

ገደብ የሌለውን ነገር እንዴት ታስቀምጡታላችሁ የሚለው ላይ ተጠንቀቁ። እኔ 0 ማለት "ገደብ የለውም" ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ ለመጋዘን። ከ3 ወር በኋላ የኤስኤምኤሱን ክፍል ስጽፍ ረሳሁትና 0 ማለት "የለውም" ነው ብዬ መነሻ ፓኬጁ ላይ 0 አስገባሁ። መነሻ ላይ ያለ ሰው በነፃ ያለ ገደብ ኤስኤምኤስ መላክ ቻለ፣ እኔ ግን ለእያንዳንዷ ከፋይ ነኝ፣ ያወቅኩት ሂሳቡ ሲመጣ ነው። አሁን ለብቻው "ገደብ የለውም" የሚል አዎ ወይ አይደለም የሚቀበል ኮለም አለኝ፣ 0 ደግሞ 0 ነው። 999999 የሚያስገቡም አሉ፣ ይሠራል፣ ግን አንድ ቀን ገጹ ላይ "999,987 ቀርቶዎታል" ብሎ ለደንበኛ ይወጣል።

ፓኬጅን ስታሻሽሉ ደግሞ ያለውን አትንኩት፣ አዲስ ቅጂ ፍጠሩ። ነጋዴ ፓኬጅ ላይ ኤስኤምኤስ ከ300 ወደ 200 ላወርድ ፈለግኩ እንበል፣ ያንኑ መስመር ካስተካከልኩት ትናንት 300 ብሎ የከፈለው ሰው ዛሬ 200 ነው የሚያየው። ይሄ ደሞ ሌብነት ነው የሚመስለው። ስለዚ "ነጋዴ 2016" እና "ነጋዴ 2017" ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው፣ ነባሩ ደንበኛ በነበረበት ይቀጥላል፣ አዲስ የሚገባው አዲሱን ይገዛል፣ ገጹ ላይ ግን ሁለቱም "ነጋዴ" ነው የሚባሉት።

3. አንድ ፈንክሽን፣ ሌላ የለም

ይሄ ነው ልቡ። አንድ ፈንክሽን ጻፉ፣ ስሙ "ይችላል"፣ 3 ነገር ይቀበላል፣ ድርጅቱን፣ የፊቸሩን መለያና ብዛቱን።

ይችላል(ድርጅት፣ "መጋዘን"፣ 1)

የሚመልሰውም አዎ ወይ አይ ብቻ አይሁን። ከአይ ጋር ምክንያቱን ይመልስ፦ "ፓኬጁ ላይ የለም"፣ "ሞልቷል"፣ "ክፍያው አልፎበታል"። ከዛ ገደቡ ስንት እንደሆነና ስንት እንደቀረ። እነዚህን ካልመለሳችሁ ፊት ለፊት የሚታየውን መልእክት የሚጽፈው ልጅ ተመልሶ የፓኬጅ ስም ፍለጋ ይገባል፣ ከዛ ወደ 41ዱ ቦታ ተመለስን።

ውስጡ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ልዩ ፈቃድ ካለና ቀኑ ካላለፈ እሱን ይውሰድ። ከሌለ የሰብስክሪፕሽኑን ፓኬጅ ይይ። እዛም ያ ፊቸር ከሌለ መልሱ አይ ነው። ይሄ የመጨረሻው ከባድ ይመስላል ግን አዲስ ፊቸር ጨምራችሁ ፓኬጅ ላይ ማስገባት ብትረሱ፣ ለሁሉም ተዘግቶ ስልክ ቢደወልላችሁ ይሻላል ለሁሉም በነፃ ተከፍቶ ማንም ሳይነግራችሁ ከሚቀር።

መልሱን ካሽ ማድረግ፣ ማለት ለጊዜው አስቀምጣችሁ እሱኑ መመለስ ትችላላችሁ፣ በየክሊኩ ዳታቤዝ መጠየቅ ግዴታ አይደለም፣ ግን ክፍያ ሲገባና ልዩ ፈቃድ ሲሰጥ ካሹን አጥፉት። ከፍሎ ገጹን ሪፍሬሽ እያደረገ "ዝግ ነው" የሚለውን የሚያይ ሰው 5 ደቂቃ አይጠብቅም፣ ይደውላል፣ ያውም ከፍ ባለ ድምፅ።

4. ሰርቨር ላይ

በተን መደበቅ ጥበቃ አይደለም። ደንበኛው የሚያየው ገጽ (ሪአክቱ) ላይ በተኑን ደብቃችሁ ሰርቨሩ ላይ ካልጠየቃችሁ ሊንኩን የሚያውቅ ሰው ይገባል። በተኑን ለውበት ደብቁት፣ ፍተሻውን ግን ሰርቨር ላይ አድርጉት። ሰርቨሩ ሲከለክል የሚመልሰው ኮድ 403 ("ተከልክሏል") ይበቃል። አንዳንዱ 402 ይመልሳል፣ "ክፍያ ያስፈልጋል" ማለት ስለሆነ ደስ ይላል፣ ግን 402 ብራውዘርና ሰርቨር በሚነጋገሩበት በኤችቲቲፒው ደንብ ለወደፊት ተብሎ የተቀመጠ ነው፣ ከተጠቀማችሁበት በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አድርጉት። 429 ግን ለዚህ አይሆንም፣ እሱ በአጭር ጊዜ ብዙ ጥያቄ ለሚልክ ነው፣ ብዙ አፕ 429 ሲያይ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል፣ የእናንተ ደንበኛ ግን መጋዘኑ የሞላው ትንሽ ቢቆይም ሞልቶ ነው።

5. ሁለት ሰው አንዴ ሲጫን

ኔትወርክ ዘገምተኛ በሆነበት አገር ሰው በተን 1 ጊዜ አይጫንም። ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ ይጫናል፣ "ኧረ ምነው" ብሎ ደግሞ ይጫናል። 3 ጥያቄ ተከታትሎ ይደርሳል፣ 3ቱም "ይችላል ወይ" ብለው ይጠይቃሉ፣ ገና ምንም ስላልተመዘገበ 3ቱም አዎ ይባላሉ፣ 1 የቀረችው ቦታ ላይ 3 ይገባል። ሁለት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሲያስገቡም ያው ነው።

ለስንቅ መፍትሄው አንብቦ ከዛ መጻፍን መተው ነው። አንድ አፕዴት ብቻ ላኩ፦ "የተበላው ሲደመር የሚፈለገው ከገደቡ የማይበልጥ ከሆነ ብቻ ጨምር"። ከዛ ስንት ረድፍ እንደተለወጠ እዩ፣ 1 ከሆነ ተፈቅዷል፣ 0 ከሆነ ሞልቷል። ዳታቤዙ ራሱ ወረፋ ያስይዛቸዋል።

ለጎተራ ደግሞ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚሳካ ወይ ሁሉም የሚቀር ሥራ) ውስጥ ሆናችሁ መጀመሪያ የድርጅቱን ረድፍ ቆልፉ፣ ከዛ ቁጠሩ፣ ቦታ ካለ አስገቡ፣ ቁልፉን ልቀቁ። ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያው እስኪጨርስ በር ላይ ይቆማል።

ለ3 ጊዜ ተጫኙ ደግሞ ፎርሙ ሲከፈት አንድ የማይደገም ቁጥር ስጡት፣ አብሮ ይላክ፣ ያ ቁጥር ቀድሞ ደርሶ ከሆነ የመጀመሪያውን መልስ መልሱለት። ይሄን ካላደረጋችሁ ገደቡ ቢከበርም አንዱ የጤፍ ጭነት 3 ጊዜ ይመዘገባል፣ እሱን ማታ ላይ ለነጋዴ ማስረዳት ከገደቡ የባሰ ነው።

6. ኤስኤምኤስ፣ 1 መልእክት 1 አይደለም

ይሄን የምጽፈው በአማርኛ ኤስኤምኤስ የሚሸጥ ሁሉ አንድ ቀን ስለሚነክሰው ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የተጻፈ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል። ከመሀሉ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባ ግን መልእክቱ በሙሉ በዩኒኮድ ይላካል፣ ልኩም ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ይቆራረጣል፣ ሲቆራረጥ ደግሞ መገጣጠሚያው ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ብቻ ይይዛል። ከፋዩ በቁራጭ ነው የሚከፍለው።

እኔ ለእህል አስቀማጮች የሚላከው መልእክት ይሄ ነበር፦

ጤና ይስጥልኝ፣ 40 ኩንታል ነጭ ጤፍ መጋዘን 2 ገብቷል። ቀሪ ሂሳብዎ 12,500 ብር ነው። እናመሰግናለን።

ክፍተቱን ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ ቁጠሩት፣ 68 ነው። 1 ኤስኤምኤስ። አንድ ቀን "ለሰው እንዲህ ደረቅ ብሎ ይላካል እንዴ" አልኩና "ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣" አደረግኩት። ጋሼ ከነክፍተቷ 3 ፊደል ናት፣ 71። የሁሉም ሰው መልእክት ከዛን ቀን ጀምሮ 2 ኤስኤምኤስ ሆነ፣ የደንበኛው መቁጠሪያ ላይ ግን 1 ነው የሚቀነሰው፣ ልዩነቱን የምከፍለው እኔ። ትህትናዬ በእጥፍ ተከፈለባት። የብሩ መጠን 12,500 የነበረው 112,500 ቢሆን ደግሞ 1 ፊደል ይጨምራል፣ ስለዚ ናሙናውን ቆጥራችሁ አትተኙ፣ የሚላከውን ጽሑፍ ራሱን፣ ስሙና ቁጥሩ ከገባበት በኋላ፣ ልትልኩት ስትሉ ቁጠሩት።

ስለዚ ገደቡን በቁራጭ አስሉት። ፓኬጁ ላይ "300 ኤስኤምኤስ" ካላችሁ ከሥሩ "አንዱ እስከ 70 የአማርኛ ፊደል" ብላችሁ ጻፉ፣ መጻፊያው ሳጥን ሥር ደግሞ እየጻፈ ሳለ ስንት ቁራጭ እንደደረሰ አሳዩት። ስትልኩ መጀመሪያ ቁጥሩን ቀንሱ፣ ኤስኤምኤሱን የሚያደርስላችሁ ኩባንያ አልተቀበለም ካለ መልሱለት። ልካችሁ በኋላ ከቀነሳችሁ መሀል ላይ መብራት ሲጠፋ የተላከ ግን ያልተቆጠረ ይኖራል።

7. ወሩ የሚዞረው መቼ ነው

ብዙ ሰው በወሩ 1 ቀን የሁሉንም ቆጣሪ ዜሮ የሚያደርግ ፕሮግራም ያስቀምጣል። አታስቀምጡ። ያን ሌሊት ሰርቨሩ ከተኛ ሁሉም ባዶ ስንቅ ይዞ ያድራል፣ ሁለት ጊዜ ከሠራ ሁሉም በነፃ ይጠግባል። ከዛ ይልቅ የስንቅ መቁጠሪያው እያንዳንዱ መስመር የየትኛው ጊዜ እንደሆነ ይጻፍበት፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን። አዲስ ጊዜ ሲጀምር አዲስ መስመር ከ0 ይከፈታል፣ የድሮው እንዳለ ይቀመጣል፣ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም። "ባለፈው ወር መቼ ነው 300 የጨረስኩት" ሲባልም መልስ አላችሁ።

ሰዓቱንም እዩ። ሰርቨሩ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ነው ያለው፣ እኛ ከሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን። በዩቲሲ እኩለ ሌሊት የሚታደስ ነገር እኛ ጋ የሚታደሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 የተላከው ሁሉ ባለፈው ወር ላይ ይቆጠራል። በዛ ሰዓት ማን ይልካል ትሉ ይሆናል፣ ሌሊት መኪና የሚጭን ነጋዴ ይልካል።

አሁን ወደ ካላንደሩ። ደንበኞቼ ወር የሚሉት 30 ቀኑን ነው፣ በፈረንጅ ካላንደር ባስከፍላቸው "እኔ በ12 ነው የከፈልኩ፣ ዛሬ ገና 11 ነው" የሚል ክርክር በየወሩ አለ። ስለዚ በኛ አደረግኩት። ጥቅሙ፣ ወሮቹ እኩል 30 ስለሆኑ በ31 የከፈለ ሰው ፌብሩዋሪ ላይ ምን ይሁን የሚለው የፈረንጆቹ ጣጣ የለም። ጣጣው ጳጉሜ ነው። 5 ቀን ናት፣ በ4 ዓመት አንዴ 6፣ 2015 ላይ 6 ነበረች፣ ቀጣዩ 2019 ነው። እኔ የወሰንኩት ጳጉሜ ምርቃት ናት፣ ነሐሴ ላይ የከፈለ እሷን በነፃ ይሻገራል፣ ጳጉሜ ውስጥ አዲስ የገባ ደግሞ ጊዜው ከመስከረም 1 እንደጀመረ ይቆጠራል። ገበያ ላይ ምርቃት የለመደ ሰው ይሄን ወዶታል። እናንተ ሌላ ልትወስኑ ትችላላችሁ፣ ብቻ ነሐሴ 30 ማታ ላይ አትወስኑ። ዳታቤዙ ላይ የሚቀመጠው ቀን ግን ተራው የፈረንጁ በዩቲሲ ይሁን፣ ወደኛ የምትቀይሩት ስታሰሉና ስታሳዩ ነው።

8. ሲሞላ ምን ይሁን

እዚህ ላይ ከቴክኒኩ ይልቅ የሰውን ሥራ ማወቅ ይጠይቃል። ከኅዳር እስከ ጥር እህል የሚገባበት ነው፣ መኪና ተሰልፏል፣ ተሸካሚው ቆሟል፣ ሚዛን ያዡ ስልኩ ላይ እየመዘገበ ነው፣ "የወር የምዝገባ ገደብዎ ሞልቷል" ብትሉት ምን ያደርጋል? ደብተር ያወጣል። ደብተር ያወጣ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚ የዋናውን ሥራ ምዝገባ መቼም አልቆልፍም፣ ካለፈ ያልፋል፣ ለባለቤቱ ይነገራል፣ ሲያድስ እንነጋገራለን። ኤስኤምኤስ ግን በየአንዳንዱ ስለምከፍል ሲያልቅ ያልቃል። አዲስ መጋዘን መክፈትም እስኪከፍል ሊጠብቅ ይችላል፣ ማንም መጋዘን በ5 ደቂቃ አይከራይም። እያንዳንዱን ፊቸር እንደዚ አንድ በአንድ እዩት፣ "ሲሞላ ዝጋ" የሚል አንድ ሕግ ለሁሉም አይሠራም።

80 ፐርሰንት ሲደርስ አስጠንቅቁ፣ ያውም ለሚከፍለው ሰው። አፑን የሚከፍተው ሂሳብ ያዧ ናት፣ ብሩ ያለው ባለቤቱ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ አፑን በወር አንዴ ቢያየው ነው። ለሱ ኤስኤምኤስ ይላክለት፣ እሷ ላይ የሚወጣው መልእክት ደግሞ "ፓኬጅዎን ያሳድጉ" ብሎ አይጨቅጭቃት፣ ማሳደግ አትችልም። እኔ ጋ የሚወጣው እንዲህ ነው፦ "የዚህ ወር 300 ኤስኤምኤስ አልቋል። እስከ ጥር 12 አይታደስም። ምዝገባው እንደተለመደው ይቀጥላል፣ ለባለቤቱ አሳውቀናል።"

ክፍያ ሲያልፍም የ7 ቀን ትዕግስት አለኝ፣ ከዛ በኋላ ማንበብ ብቻ። የራሱን ዳታ ማየትና ማውረድ ግን አይዘጋም፣ የገዛ ሂሳቡን መያዣ ማድረግ ነውር ነው። ሰብስክሪፕሽኑ ላይ ደግሞ "ባለበት ቁም" የሚል ሁኔታ ጨምሩ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ፣ ሰው አፑን መክፈት ሳይችል የከፈለበት ቀን ይቆጥርበታል። ያኔ እያንዳንዱን በእጄ ነው ያራዘምኩት፣ አንዱን ረስቼ ሌላውን ደግሜ። አሁን አንድ በተን ነው፣ ያቆማል፣ ሲቀጥል የቀረው ቀን እንዳለ ይቀጥላል።

9. ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል

ከፍ የሚለው ወዲያው ይከፈትለት። ዝቅ የሚለው የከፈለበት ጊዜ ሲያልቅ ነው የሚወርደው፣ ከፍሎበታላ።

3 መጋዘን ያለው ሰው 1 ወደሚፈቅደው ፓኬጅ ሲወርድ ምንም አታጥፉ። የትኛው እንዲቀጥል እሱ ይምረጥ፣ ሌሎቹ ይታያሉ ግን አዲስ አይመዘገብባቸውም። እዚህ ጋ አንድ አሳፋሪ ስህተት ነበረኝ፣ ፍተሻው "ያለው ከገደቡ እኩል ከሆነ ከልክል" ነበር የሚለው። 3 መጋዘን ያለው ሰው ገደቡ 1 ሲሆን 3 ከ1 ጋር እኩል ስላልሆነ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ አራተኛ አምስተኛ መክፈት ይችላል፣ በርካሹ ፓኬጅ። "እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ" በሉት።

10. ክፍያው

ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ትምህርት አብዛኛው ስትራይፕ የሚባለውን የውጭ አገር ክፍያ ተቀባይ ይዞ ነው የሚያስረዳው፣ ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ላለ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። እኛ ጋ ቴሌብር አለ፣ ቻፓ አለ፣ ባንክ ሄዶ የሚያስገባም ሞልቷል። ሁሉም የሚገቡበት መንገድ ግን አንድ ይሁን፣ ሰብስክሪፕሽን የሚያራዝም አንድ ፈንክሽን፣ ሌላ ማንም አያራዝም። ደንበኛው ከከፈለ በኋላ የሚመለስበት "እናመሰግናለን" ገጽ ላይ ፓኬጅ አትክፈቱ፣ አድራሻውን ጽፎ መግባት ይቻላል፣ ሰርቨራችሁ ራሱ ጠይቆ ያረጋግጥ። ተከፍሏል የሚለው ማሳወቂያ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፣ የክፍያውን መለያ ቁጥር እንዳይደገም አድርጋችሁ አስቀምጡት። ስክሪንሾት ለሚልክላችሁም ቁጥሩን ባንኩ ጋ ሳታዩ አታጽድቁ፣ ያጸደቀው ሰውም ይመዝገብ።

11. አሮጌ ኮድ ላላችሁ

ከ41 ቦታ እንዴት ወጣሁ ለምትሉ፣ በአንድ ሌሊት አይደለም። መጀመሪያ ቴብሎቹን ሞላሁ፣ የእነዛን 6 ሰዎች ነገር ወደ ልዩ ፈቃድ አዛወርኩ። ከዛ የፓኬጅ ስም ያለበትን መስመር ሁሉ ፈልጌ አንድ በአንድ አሮጌውንም አዲሱንም ጎን ለጎን አስጠየቅኩ፣ ደንበኛው የሚያየው የአሮጌውን መልስ ነው፣ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን ሎግ (ሰርቨሩ ላይ ያለ ማስታወሻ ፋይል) ላይ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቀን 19 አለመስማማት መጣ፣ ግማሾቹ የአዲሱ ስህተት፣ ግማሾቹ ደግሞ አሮጌው ለዓመት ሙሉ ሲሳሳት የኖረበት፣ 2 ደንበኛ የከፈሉበት ኤክሴል ጨርሶ አይታያቸውም ነበር፣ አንዳቸውም አልደወሉም። ሁለቱንም ደውዬ ይቅርታ ጠይቄ 1 ወር ጨመርኩላቸው፣ በልዩ ፈቃድ ሳይሆን በማራዘሚያው ፈንክሽን። ሎጉ ለ2 ሳምንት ዝም ሲል አሮጌውን መስመር አጠፋሁ፣ ያው ከሁሉም የመጨረሻዋ የጠፋችው የድርጅት ቁጥር 17 ናት፣ እሷን ሳጠፋ ቡሬ ደውዬ "ጋሼ፣ ሦስተኛዋ መጋዘን አሁንም ትታያለች?" ብዬ ጠየቅኩ። "ምን ነካህ ልጄ፣ አራተኛ ልከራይ ነው" አሉኝ።